ኤኖክ ምሳችንን ወንዝ የጣለ ቀን

በእኛ ፋብሪካ ከሽመና መኪናው ተነስቶ የሄደ ሰው ይቀጣል። ስለዚህ ንግሥታችን ቪክቶሪያ ራሳቸው ሊጎበኙን ቢመጡ፣ እኛ በእንግሊዝ አገር የላንካሻየር ሸማኔዎች ከቦታችን ንቅንቅ አንልም ነበር። በምሳችን ግን ቀልድ አናውቅም።

ምሳችንን የምናሞቀው ውሃ አፍልቶ መኪኖቹን በእንፋሎት በሚያንቀሳቅሰው ቦይለር ላይ ነው። አናቱ ላይ እንፋሎት ሲበዛበት ከፍ እያለ የሚያስተነፍሰው ዘንግ አለ፤ ከዚያ የሚሞቅ ቦታ የለም። ሁላችንም የምሳ ጣሳችንን እዚያ እናንጠለጥላለን። ዘንጉ ጣሳዎቹ ከብደውት ማስተንፈሱን ሲተው መኪኖቹ ይፈጥናሉ፤ እኛም ደስ ይለናል። የሚነጫነጨው ቦይለሩን የሚያነደው ኤኖክ ብቻ ነበር።

"ማርታ፣ ይሄ ነገር አንድ ቀን ይፈነዳል" አለኝ።

"እሱ ሳይፈነዳ አንተ በፍርሃት ታልቃለህ" አልኩት።

ሦስት ጊዜ ውጡ ብሎ ጮኾብናል። ሦስቱንም ጊዜ ወጣን፣ ምንም ሳይሆን ተመለስን፣ ተቀጣን። ከዚያ ወዲያ ማን ይስማው። ልጄ ዲና የምትሠራው ከቦይለሩ ግድግዳ ሥር ስለሆነ ነገሩ ይከነክነኝ ነበር። ቢከነክነኝም ጣሳዬን አላነሳሁም፤ ቀዝቃዛ ድንች አልወድም።

አንድ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል፣ በር አጠገብ የምትሠራው ጄሚማ ወደ እኛ ዞረች። በመኪኖቹ ጩኸት ጆሮ ስለማይሠራ እኛ የምናወራው በከንፈር ነው።

"ኤኖክ ምሳችንን ወንዝ እየጣለ ነው" አለች።

ወሬው ከከንፈር ከንፈር እየዘለለ ዲና ዘንድ ደረሰ። ያቺ ጠርተዋት የማትሰማ ልጅ አንድ የእንጨት ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ከሁላችን ቀድማ ወጣች። አዳራሹ ባዶ ቀረ።

ወንዙ ዳር ስንደርስ ኤኖክ የመጨረሻውን ጣሳ ወረወረ። የእኔ ነበር። በሳምንት አንዴ የማገኛት ሥጋ በሊጥ የተሸፈነችበት ፓይ። ዘልዬ አንገቱን አነቅሁት።

"አንተ ጥላሸት፣ ምን በድለንህ ነው?"

"ሁሉም ወጥቷል?" አለኝ ትንፋሽ እያጠረው።

"እኔ የምጠይቅህ ስለ ምሳዬ ነው።"

"ዲናስ የታለች?"

"ያቻትልህ፣ አናትህን ልትልህ ጫማ ይዛ..."

ሳልጨርስ መሬቱ ተናወጠ። ሁላችንም ተደፋን። ቀና ስል የዲና ግድግዳ የለም። የሽመና መኪናዋ ከወንዙ ማዶ፣ ላሞች መሃል ተዘርፍጧል።

"ብረቱ ሲሰነጠቅ አየሁት" አለ ኤኖክ። "ጣሳዎቹን አነሳሁ፣ እሳቱን ጎልጉዬ አወጣሁ፣ ስንጥቁ ግን አላቆመም። ልጮህ አልኩና እናንተን አሰብኩ። ሞት መጣ ብዬ ብጮህ አትነሱም። ምሳችሁን ብነካ ግን ልትገድሉኝ ትመጣላችሁ።"

ሁላችንም ዞረን የፈረሰውን ግድግዳ አየን።

"ማርታ፣ አሁን እንኳ አንገቴን ልቀቂኝ" አለ።

መልቀቅ አልቻልኩም። ማነቁን ትቼ አቅፌው፣ ደረቱ ላይ እያለቀስኩ ነበር።