የሰቀለው ያውርደው

ቦንጋ ባለው የማር ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ ያማረው ሥራ ሁሉ የአለቃው የደጀን ነበር፤ የተበላሸው ደግሞ የወጣቱ ሠራተኛ የነቢዩ። ደጀን ፊት ለፊት እየሳቀ ከኋላ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ነው። ሁለት ሠራተኞች ተስማምተው ሻይ ሲጠጡ ካየ፣ ለአንዱ ስለ ሌላው ሹክ ብሎ ካላጣላቸው ምሳ አይወርድለትም።

የነቢዩ ኮንትራት በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ማንኪራ ጫካ ውስጥ ቀፎዎቹን ዛፍ ላይ የሰቀለው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ደጀን ለዋናው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ለወይዘሮ ትሕትና «ልጁ ከፍታ ይፈራል፤ ሁሉንም በገዛ እጄ ነው የሰቀልኳቸው» ብሏቸዋል። ነቢዩ ይህን ከጸሐፊዋ ከማርቲ ሲሰማ አንጀቱ አረረ። ግን ማን ይሰማዋል?

ወይዘሮ ትሕትና የመጀመሪያውን ማር ቆረጣ ለማየት ማንኪራ መጡ። ደጀን አዲስ ሸሚዙን ለብሶ ከፊት ከፊት እየሄደ ያወራል፤ ነቢዩ የመውጫውን ገመድ ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። ዛፉ ሥር ሲደርሱ የመንደሩ ሽማግሌ ጋሽ ገብረወልድ የሚጨስ የደረቅ ሣር እስር አቀበሉት።

«እንግዲህ ይውጡ» አሉት።

«እኔ?»

«እኛ ዘንድ ቀፎ የሚያወርደው የሰቀለው ነው። ሌላ ሰው ከነካው ንቡ ይሰደዳል።»

ደጀን በሳቅ ሊያልፈው ሞከረ። ወይዘሮ ትሕትና ግን ስልካቸውን ለቪዲዮ ደቅነዋል፤ ካሜራ ፊት ደግሞ እምቢ ማለት አያውቅበትም። ገመዱን ይዞ ወጣ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ወደ ታች ማየቱ ነው ጥፋቱ። ግንዱን አቅፎ እዚያው ቀረ፤ ጭሱም ከእጁ ወደቀ። ንቦቹ ማን እንደመጣ ለማየት ወጡ።

«ነቢዩ፣ ና አውርደኝ!»

ነቢዩ ቀና ብሎ አየው። ደስ አለው፤ ምን ይደበቃል፣ በጣም ደስ አለው።

«ጋሽ ደጀን፣ እኔማ እንዴት አድርጌ ልውጣ? የሰቀለው ካልሆነ አይቻልም እኮ።»

ጋሽ ገብረወልድ «ልክ ነው» አሉ።

አንዲት ንብ የደጀን ጆሮ ላይ አረፈች።

«አንተ ነህ የሰቀልከው! ሁሉንም አንተ ነህ!»

«ከፍታ ይፈራል የተባለውስ?» አሉ ወይዘሮ ትሕትና።

«እኔ ነኝ የምፈራው» አለ ደጀን፣ ድምፁ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት።

ነቢዩ ወጥቶ አወረደው፤ ተመልሶ ማሩን ቆረጠ። ወይዘሮ ትሕትናም ቋሚ ሠራተኛ እንዲሆን እዚያው ዛፉ ሥር ወሰኑ።

ሰኞ ጠዋት ደጀን አንድ ዓይኑ አብጦ ስብሰባ መራ። «ነቢዩን ለቋሚነት ያበቃሁት እኔ ነኝ» አለ። ማንም አልተከራከረውም። ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ ነው ያለው ሥራ የራሱ ነበር።