ሃራላምፒ የደበቃት ማብሪያ

ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሲጠና፣ ሃራላምፒ የላዳውን ባትሪ ፈትቶ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደ ቤት ያስገባል። መንደሩ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። «ውጭ ያደረ ባትሪና ውጭ ያደረ ባል ጠዋት አይነሳም» እያሉ ሴቶቹ ይቀልዳሉ። ዘንድሮ ግን ባትሪው ሳይገባ ቀረ። ሚስቱ ዝላትካ «አንተ ሰውዬ፣ ባትሪውን አስገባኸው?» ብላ ስትጠይቀው «ድሮ!» አላት። እውነትም ያስገባው መስሎት ነበር።

በየካቲት፣ የወይን ጠባቂ በሚባለው በቅዱስ ትሪፎን ዕለት፣ ወንድ የተባለ ሁሉ ወደ ወይን ማሳው ይወጣል። ጥቂት ቅርንጫፍ ይገርዝና በተገረዘው ላይ አምና የጠመቀውን ወይን ያፈስበታል። ይህን ያላደረገ ሰው ወይኑ ቢኮማተር በማንም አያሳብብም። ልጁ ፕላመን በዋዜማው ከዋና ከተማው ከሶፊያ ሲመጣ ለበዓሉ ነው ተባለ እንጂ ነገሩ ሌላ ነበር። እራት ላይ አባቱ ያንኑ ጨዋታ ሁለቴ ሲያወራ ሰማ። ትንሽ ዳር ዳር ካለ በኋላ አላስችል አለው።

«አባዬ፣ ወደ ማሳው የሚወስደው መንገድ ገደል ነው። የመኪናዋን ቁልፍ ስጠኝና ልሽጣት።»

«ስሞት ነው የምትወርሰኝ ወይስ በቁሜ?»

«እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። ነገ እንደ ወትሮህ አስነስተህ እማዬን ይዘሃት ከወጣህ፣ ሁለተኛ አላነሳብህም። ካቃተህ ግን ቁልፉን ትሰጠኛለህ።»

«ይሁን» አለ ሃራላምፒ። ለሱ ያቺ ላዳ እግሩ ናት። እሷ ከሄደች ማሳው የሰው ይሆናል፣ ቤቱም እስር ቤት።

ጠዋት ቁልፉን ቢያዞር መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም። ባትሪው ውርጭ ላይ ከርሞ አልቆለታል። ፕላመን በራሱ መኪና ከተማ ወርዶ አዲስ ባትሪ ገዛ፣ ኮፈኑን ከፍቶ አሰረለት። «ባትሪ ማንንም ጉድ ይሠራል፣ እሱን አልቆጥርብህም» አለ። ሃራላምፒ እንደገና ቁልፉን አዞረ። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ሞተሩ ያጓራል እንጂ አይነሳም።

ያቺን መብራት የገጠማት ራሱ ነው። ሬዲዮ ጠጋኝ በነበረበት ዘመን ሌቦች ማታ መኪና ሰርቀው ጠዋት የማስመለሻ ገንዘብ ሊጠይቁ ለባለቤቱ ይደውሉ ነበር፤ «ናፈቀችህ ወይ?» እያሉ። ያኔ ሃራላምፒ ሞተሩን የሚቆልፍ ነገር ሠራ። ባትሪው ተፈትቶ ሲታሰር ወይም ጨርሶ ሲሞት፣ መኪናዋ የገዛ ባለቤቷን ሌባ ነህ ትለዋለች። ቁልፉን ከፍቶ፣ አንዲት የተደበቀች ማብሪያ ተጭኖ፣ መብራቷ እስክትጠፋ ካልያዘ አትነሳለትም። ጎረቤቶቹም በየመኪናቸው እንዲህ ያለ ነገር ደብቀዋል። ቦታው ለማንም አይነገርም፣ ለሚስት እንኳ። ካላወቀች ቢያስፈራሯትም አታወጣም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይል ነበር ሃራላምፒ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ያስቀመጠውን ይኸው ሆዱ ፈጀበት።

እጁን ዳሽቦርዱ ሥር ሰደደ። ሽቦ ነካ፣ ብሎን ነካ። በመሪው ሥር ዳሰሰ፣ መተርኮሻውን ጎርጎር አደረገ። በየዓመቱ ባትሪውን ከቤት አውጥቶ ሲያስር እጁ ሳያስበው ይሄድና ማብሪያዋን ያገኛት ነበር። ዛሬ እጁም አላወቀም። የጠፋው ማብሪያ ብቻ ቢሆን ባልከፋው። ባለፈው ሳምንት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ መንገድ ላይ ምን ሊያደርግ እንደወጣ ጠፍቶት ነበር፤ ያንን ለማንም አልተናገረም።

ፕላመን መስኮቱ አጠገብ ቆሟል።

«አባዬ፣ ምን እየፈለግክ ነው?»

«ዞር በል እስቲ፣ ሌባ ያይብኛል!»

ፕላመን ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። የአባቱ እጅ እንደዚያ ስትንከራተት ማየት አንጀቱን በልቶታል። ውርርዱን መርታት የሚፈልግ ሰው አይመስልም።

ይሄኔ ዝላትካ ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ የእንጨቱን የወይን ኮዳ አንጠልጥላ መጣች።

«ገና ናችሁ? ቅዱስ ትሪፎን እኮ ሰካራም ነው፣ ከዘገየን ጠጥቶ ይተኛብናል!» እያለች ከሃራላምፒ ጎን ገብታ ተቀመጠች። ኮዳውን እግሯ ሥር ልታስቀምጥ ጎንበስ አለች። እንዳጎነበሰች ትንሽ ቆየች። የእጇ ጀርባ የሃራላምፒን ጭን ነካ አደረገው። ቀይዋ መብራት ጠፋች።

«ምን ትጠብቃለህ? አስነሳት እንጂ!» አለች ቀና ብላ።

ሞተሩ ተነሳ።

«አባቴ! እኔ ነኝ የዘባረቅኩት!» ብሎ ፕላመን በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ አባቱን ግንባሩን ሳመው። ደስ ያለው ከልቡ ነበር። «እናንተ ቅደሙ፣ በኔ መኪና እከተላችኋለሁ።»

ዝላትካ የመንደሩ መጨረሻ ቤት እስኪታለፍ ድረስ ስለ ዳቦው አወራች፤ ዘንድሮ ሊጡ ኩፍ አልል ብሎ እንዴት እንዳስቸገራት። ሃራላምፒ ቀስ ብሎ ይነዳል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አላት በመሀል።

«ማብሪያዋን ነው ወይስ መርሳትህን?»

ሃራላምፒ መሪውን አጥብቆ ይዞ ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውን ጥምዝ ዞረ።

«ማብሪያዋን ከገጠምክበት ዓመት ጀምሮ» አለች። «አጠገብህ ተቀምጬ እጅህ የት እንደሚገባ የማላይ መሰለህ? ሌላውን ደግሞ ከወይን ለቀማው ወዲህ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተስ?»

«ፈርቼ።»

«እኔም» አለችና እጇን ማርሹን በጨበጠው እጁ ላይ አሳረፈች።

ማሳው ዳር ሲደርሱ ፕላመን ከኋላቸው ደርሶ አቆመ። ሃራላምፒ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቅሎ ወረደ፣ በበረዶው ላይ ወደ ልጁ ሄዶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት።

«ምን ነካህ አባዬ? አስነሳሃት እኮ!»

«እናትህ ናት ያስነሳቻት።»

ፕላመን ወደ እናቱ ዞረ። እሷ መግረዣውን ይዛ ወይኖቹን ታያለች።

«ስማ» አለ ሃራላምፒ፤ ድምፁ የድሮው የጠጋኙ ድምፅ ነበር። «ባትሪው ሲፈታ ትቆለፋለች። ያን ጊዜ ቁልፉን ትከፍትና ማብሪያዋን ተጭነህ ትይዛለህ። ማብሪያዋ ያለችው ደግሞ...»

እጁን ወደ መኪናዋ ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው። ከዚያ ወደ ዝላትካ ዞረ።

«አንቺ ንገሪው» አላት።