የማይወርደው ተሳፋሪ

ታብሌቶቹ ትምህርት ቤታችን የገቡ ቀን ሦስት ገጽ ተቃውሞ ጽፌ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አስገባሁ። የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ዛሬም እውነት ነው። ቦንጋ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ያለን አንድ ማይክሮስኮፕ ሌንሱ ከተሰበረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። «በጀት የለም» ሲሉን የኖሩ ሰዎች ታብሌት ሲመጣ ካሜራ አስከትለው መጡ። ልጆቹ ስክሪን ሲነኩ ተቀረጹ፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ ፈገግ እንድል ታዘዝኩ። አላልኩም።

መተግበሪያው ደም ኦክስጅንን እንዴት እንደሚሸከም በጨዋታ የሚያሳይ ነው። ደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን አራት ወንበር አለው። ተማሪው ኦክስጅንን በጣቱ እየጎተተ ሳንባ ላይ ያሳፍራል፣ ጡንቻ ላይ ያወርዳል። ልጆቹ ወዲያው «ባጃጅ» አሉት።

«ቲቸር፣ ትርፍ ይጭናል?»

«አይጭንም።»

«እንግዲያው የቦንጋ አይደለም!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔን ግን ሳቁ ራሱ አናደደኝ።

ማክሰኞ ዕለት ዩስራ እጇን አወጣች። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አባቷ ጋሽ ጃፈር ገበያው አጠገብ ሱቅ አላቸው። ሰባተኛው ደረጃ ላይ የደረሰችው እሷ ብቻ ነበረች። እዚያ ደረጃ ላይ ግራጫ ኳስ ይመጣል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ከከሰል የሚወጣ፣ የማይታይና የማይሸት ጋዝ። ወንበሩን ከያዘ አይወርድም።

«ቲቸር፣ ይኼ ነገር ተበላሽቷል መሰለኝ። ጨዋታው ውስጥ ያለው ሰውዬ እየሞተ ነው፤ የኦክስጅን ቆጣሪው ግን ደሙ ሙሉ ነው ይላል።»

«የሕፃን ጨዋታ ነው። ፈተና ላይ አይመጣም፤ ዝጊው።»

መልሱን አውቀው ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። ለዚያ ታብሌት አንዲት ቃል ላለማዋጣት ብዬ ነው የነፈግኳት።

ዓርብ ረፋድ ላይ ዝናብ እየወረደባት መምህራን ክፍል ደጃፍ መጣች። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው።

«ቲቸር፣ ቤት ድረስ ይምጡልኝ። እኔን አልሰማ አሉኝ።»

እየተጣደፈች ነገረችኝ፦ የወንድሟ የቡሽራ ሚስት ሳቢራ ከወለደች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው። ቡሽራ ቡና ሊገዛ ዋጫ ከተማ ሄዷል። አራሷን ብርድ እንዳይመታት የዩስራ እናት ወይዘሮ ናፊሳ መስኮቱን ዘግተው ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅ ጠቅጥቀውታል። ዝናቡ አላባራ ብሎ የሕፃኑ ጨርቅ አልደርቅ ስላለ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ከሰል ቀን ከሌት ይነድዳል። ከረቡዕ ጀምሮ ሳቢራን ራሷን ያማታል፤ ያስመልሳታል። ትናንት ክሊኒክ ወሰዷት። መንገድ ላይ ተሻላት። ባለሙያው ጣቷ ላይ የኦክስጅን መለኪያ ቢሰካ ዘጠና ስምንት አለ። «ሙሉ ነው፤ ድካም ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ መለሳት። ቤት ስትገባ ባሰባት። ወይዘሮ ናፊሳም «የመንገዱ ነፋስ ነው የጎዳት» ብለው ሁለተኛ ምድጃ ጨመሩ።

ጃንጥላ እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ።

ጋሽ ጃፈር በር ላይ ተቀበሉን።

«ጋሽ ጃፈር፣ መስኮቱን ያስከፍቱ። ሳቢራን አሁኑኑ ወደ ውጭ እናውጣት።»

«መምህር ወርቅአፈራሁ፣ ረጋ ይበሉ እንጂ። አራስ ናት። ሐኪም አይቷታል፤ ማሽኑም ዘጠና ስምንት ብሏል።»

«ማሽኑ ወንበሩ መያዙን እንጂ ማን እንደያዘው አያውቅም! የከሰሉን ጋዝ ኦክስጅን ነው ብሎ ይቆጥረዋል!»

«የሕፃን ጨዋታ ነው ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ልጄ ነግራኛለች። ማክሰኞ ጨዋታ የነበረ ዓርብ ሕክምና ሆነ?»

 ዩስራን አየኋት። እንዳላፍር ብላ ነው መሰለኝ መሬት መሬት ታያለች።

«ዋሽቼ ነው» አልኩ። «መልሱን አውቀው ነበር። በሌላ ሰው ተናድጄ ልጅዎን ዝም አሰኘኋት። ትክክል እሷ ናት።»

«አባ፣» አለች ዩስራ፣ «ነፋስ ከሆነ የጎዳት፣ መንገድ ላይ ለምን ተሻላት?»

ጋሽ ጃፈር አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። ከዚያ ገብተው ጨርቁን ከመስኮቱ እየነቀሉ ይጥሉ ጀመር።

«ያ አላህ! ልትገሏት ነው!» ወይዘሮ ናፊሳ እጃቸውን ያዟቸው። «በዚህ ብርድ! ቡሽራ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?»

«ልቀቂኝ፣ ናፊሳ!»

ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ሽታ የለም፣ ጭስ የለም፤ ገመድ ላይ የተሰጣ የሕፃን ጨርቅ ብቻ። ሳቢራ ጉንጯ ቀልቷል፤ ላያት ሰው ደህና ትመስላለች። ስንጠራት ግን አትመልስም። ጋሽ ጃፈር በብርድ ልብስ ጠቅልለው ተሸከሟት። ዩስራ ሕፃኑን አቀፈች። አያለቅስም።

ሆስፒታል እንደደረስን «ከሰል» ስንላት ሐኪሟ የጣቱን መለኪያ ዞር ብላም አላየችው፤ ሁለቱንም ኦክስጅን ላይ አደረገቻቸው። ከሰዓት በኋላ ሳቢራ ዓይኗን ገለጠች፤ ልጇን ጠየቀች። ሕፃኑ ግን አልጠባ ብሏል። «እንጠብቅ» ብቻ ነው የሚሉን።

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠናል። ወይዘሮ ናፊሳ ወደ ግድግዳው ዞረዋል፤ ምድጃውን በእጃቸው ነውና የጨመሩት ማንም ደፍሮ አያናግራቸውም። እኔ እንደ ልማዴ የምቆጣው ሰው ፈለግሁ፦ በቁጥር የተማመነውን የክሊኒክ ባለሙያ፣ ጽሕፈት ቤቱን፣ ባለ ካሜራዎቹን። ሁሉም ይገባቸዋል። ዩስራ የጠየቀችው ግን እኔን ነበር።

«ቲቸር፣» አለች፣ «የሕፃን ሄሞግሎቢን ከትልቅ ሰው ይለያል? ጋዙን የበለጠ አጥብቆ ይይዛል?»

«እርግጠኛ አይደለሁም» አልኳት።

«እንጠይቃ!» ብላ ተነሳችና የሐኪሟን በር አንኳኳች።