የማይዋሸው ቁልፍ

ሰብለ ወንጌል በጋቢ ክምርና በሦስት ሽማግሌዎች መሃል ተጣብቃ ቆማለች። ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም ብለዋል። ሸማ ተራ ውስጥ ሽማግሌ ቆሞ ቀረ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ታውቃለች፤ «እሺ» ሳትል ንቅንቅ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድማማቾቹ የጣሰውና የይስሐቅ መጋዘን በር ላይ ያለውን የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ የሠራችው እሷ ናት። ከስልክ ምስጢራዊ መልእክት ይላክለታል፤ ላኪውን አጣርቶ ይከፍትና ስሙን ይመዘግባል። እሑድ ዕለት ሰማንያ ጋቢ ጠፋ። መዝገቡ «ይስሐቅ ከፈተ» አለ። ይስሐቅ ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው! ታላቅየው ጣሰው ነገ ሊከሰው ነው፤ አሁን ሁለቱም መጋዘኑ በር አጠገብ ጀርባ ተሰጣጥተው ቆመዋል። ሰብለም ማክሰኞ ዕለት ደረቷን ነፍታ፣ «የእኔ ቁልፍ አይዋሽም» ብላለች። ወይ አፍ!

«ልጄ፣» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሼ ጀማለዲን፣ «መሣሪያው ተሳስቷል በይና ወንድማማቾቹን አስታርቂልን። ለእርቅ የተባለ ውሸት አይጻፍብሽም።»

ጉዱ ምኑ ላይ ነው ብትሉ፣ ቁልፉ እውነትም ተሳስቷል። ዛሬ ጠዋት ይስሐቅን አስከፍታ ስትሞክረው ነው የደረሰችበት። አንድ መልእክት ሁለቴ እንዳይሠራ ቁልፉ መልእክቶቹን በቁጥር ይይዛል፣ ያለፈ ቁጥር አይቀበልም፤ እሷ ግን ቺፑ ትንሽና ርካሽ ይሁን ብላ፣ ቁጥሩን መብራት ሲጠፋ እንዲረሳው አድርጋ ሠራችው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቆጠራው ከአንድ ይጀምራል። ያኔ የይስሐቅን የድሮ መልእክት ከአየር ላይ ቀድቶ ያስቀመጠ ሌባ መልሶ ቢልከው፣ ቁልፉ እሺ ጌታዬ ብሎ ይከፍትለታል። መብራት ደግሞ እዚህ ሰፈር መቼ ሳይጠፋ ሰንብቶ ያውቃል! ያው ቁልፍ በመቶ ሰባ ሱቆች በር ላይ ተገጥሟል። ብትናገር አለቀላት፤ ዝም ብትል ይስሐቅ እስር ቤት ነው።

«ተሳስቷል፣» አለች በመጨረሻ። «እውነቴን ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሽማግሌዎቹ እፎይ ብለው ተቀመጡ። «እደጊ! ተባረኪ!» ምርቃቱ ወረደ። ደጅ ቆመው የሚያዳምጡት ጎረቤት ነጋዴዎችም አጨበጨቡ።

«ለእናንተ ስል ይቅር ብዬዋለሁ፣» አለ ጣሰው።

«ምን አድርጌ ነው ይቅር የምባለው?» አለ ይስሐቅ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ሰብለ ክው አለች። ማንም አላመናትም፤ ለሽማግሌ ክብር የዋሸች መስሏቸዋል። «አልዋሸሁም እኮ!» ብትል፣ ጋሼ ጀማለዲን ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርገው «ገብቶናል ልጄ፣ ገብቶናል» አሏት። ይስሐቅ ዕድሜ ልኩን ይቅር የተባለ ሌባ ሆኖ ሊኖር ነው።

«ጋሼ ጣሰው፣ የመብራት ቆጣሪውን ያጥፉና መልሰው ያብሩት፣» አለች።

ጣሰው ግራ እየገባው አጥፍቶ አበራ። እሷ የይስሐቅን ስልክ ተቀብላ ዘጋችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጠዋት መልእክቱን የቀዳችበትን የክብሪት ቀፎ የምታክል መሣሪያ ከቦርሳዋ አውጥታ ተጫነችው።

መጋዘኑ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። የጣሰው ስልክ ጮኸ፤ «ይስሐቅ ከፈተ» ይላል።

ጣሰው የወንድሙን ፊት ማየት አቃተው። ደጅ ያጨበጨቡት ነጋዴዎች ግን ማንንም አልጠበቁም፤ እየተገፋፉ ወደየራሳቸው በር ሮጡ።