የየካው አዳራሽ ጎተራ አይሆንም

ወይዘሮ የማርያምወርቅ ያንን ቤት ያልፈሩበት ዘመን የለም። ጣሊያን የበቅሎ ጋጣ ሲያደርገው «ልጄን ትረግጥብኛለች» ብለው በሌላ መንገድ ዞሩ። ጣሊያን ሲወጣ ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ግንድ ተከመረበት፤ «አንድ ቀን ይናድና ሰው ይፈጃል» አሉ። ቀጥሎ ነጭ አቡጀዴ ተወጥሮ ሲኒማ ታየበት፤ በጨለማ ተደበላልቆ መቀመጥ ምን ደግ ነገር ያመጣል ብለው አማተቡ። በሃምሳዎቹ አጋማሽ ደግሞ የሰፈሩ ወጣቶች ጣውላ ረብርበው መድረክ ሠሩና ቲያትር ቤት አሉት። ከሁሉ የባሰው ፍርሃት ያኔ መጣ። መድረኩ ላይ የምትወጣው የልጅ ልጃቸው አባይነሽ ነበረቻ!

«ወንዶቹ ሻሽ አስረው የሴቷን ይጫወቱ የለም ወይ? አዝማሪ ሊሉሽ ነው! ማን ሊያገባሽ?»

«እማዬ፣ አለቃችን ኢዶሳ ሻሽ ቢያስር ጢሙን ምን ያደርገዋል?»

ሳቋ ይበልጥ አናደዳቸው።

ትርኢቱ ለቃና ዘገሊላ ነው፣ የሚካኤል ታቦት ከገባ በኋላ። የአዳራሹ ባለቤት ሠረቀብርሃን እስከዚያ ወጣቶቹን ሊታገሥ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥቷል። ሆኖም ጥምቀት ሳይደርስ አንድ ከሰዓት ኩሊዎች አስከትሎ መጣ። ገብስ የጫነ ካሚዮን በሩ ላይ ቆሟል፤ አዳራሹ ጎተራ ሊሆን ነው።

ወይዘሮ የማርያምወርቅ እዚያው ነበሩ። ልምምድ በሚሉት ነገር መሀል የልጅ ልጃቸውን ማን ምን እንደሚላት ሊጠብቁ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ኩሊዎቹ ወንበር ማንሳት ሲጀምሩ አባይነሽ ከመድረኩ አልወርድም አለች።

«ቃልዎስ፣ ጋሼ?»

«ውረጂ!» አለ ሠረቀብርሃን። «እዚህ የምትንቀዋለል አዝማሪ ስለ ቃል ታስተምረኛለች? ማን ሊያገባሽ!»

አያቷ ብድግ አሉ። ስድቡ የራሳቸው ነው፣ ጠዋት ቤት ውስጥ ሲሉት ያረፈዱት። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን እንደ ጥፊ ተሰማቸው።

«አንተ ሠረቀ! እኔ ብሰድባት አያቷ ነኝ። አንተ ምኗ ነህ?»

ተጠግተው የነጠላቸውን ጫፍ በሠረቀብርሃን ካፖርት የቁልፍ ቀዳዳ አሾልከው፣ ጥንት ተሟጋቾች ይታሰሩ እንደነበረው፣ አጥብቀው ቋጠሩት።

«በሕግ አምላክ! ተቆራኝተናል። እንዲሁ እንደታሰርን በገበያው መሀል አልፈን ዳኛ ፊት እንሂድ!»

«ኧረ እማማ፣ ያሳፍራል! ይሄ የድሮ ነገር ነው፣ ይፍቱኝ!»

«ቃል ማክበርም የድሮ ነገር ነው። በል ጎትተህ ቅደደው፤ ያሮጊት ነጠላ ቀደደ ይበሉህ።»

ኩሊዎቹ ያነሱትን ወንበር እንደያዙ ደርቀው ቀርተዋል። በዕድሜ ጠና ያለው መሬት አስቀመጠና «ጌታዬ፣ በሕግ አምላክ ከተባለ እጅ አይንቀሳቀስም» አለ። ሌሎቹም ሳቃቸውን አፍነው አስቀመጡ።

ሠረቀብርሃን በበሩ ገበያተኛውን አየ። ቋጠሮውን አየ።

«እሺ! እስከ ቃና ዘገሊላ ይቆይ። ገብሱ እኔ ግቢ ይራገፍ፤ ሰምታችኋል። አሁን ይፍቱኝ!»

አሮጊቷ አሁንም ይፈሩ ነበር። ቢገፈትረኝስ? በልጅቷ ቂም ቢይዝባትስ? ቋጠሮውን ግን አልፈቱም። አግዳሚው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ፤ እሱም ወዶ ሳይሆን ተስቦ አጠገባቸው ዘፍ አለ።

«ምን ትገተሪያለሽ፣ አባይነሽ?» ብለው ጮኹ። «ጀምሪ እንጂ! ደግሞ ጮክ በይ፤ እዚህ ኋላ ያለነው አንሰማም።»