ለሚስ ዊልማ የተላኩ ሽማግሌዎች

እስቲ ማን ይሙት፣ ለምግብ ቤት አስተናጋጅ ሽማግሌ ይላካል? ጥሩሰው ግን ላከ። መላክ ብቻ አይደለም፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ ራሱም አብሮ ሄደ። ደግ ሰው ነው፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ከደግነቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ሶስና ስድስት ዓመቷ ነው። በፋሲካ ሰሞን፣ እዚሁ ስደት አገር፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አንዲት ሴትዮ በኦቾሎኒ የተጋገረ ብስኩት ይዛ መጣች። እናቷ አፀደ «ኦቾሎኒ አይስማማትም፣ ሐኪም ከልክሏታል» ብትላት፣ ሴትዮዋ «ኧረ በሞቴ! አንዲት ቁራሽ ምን ታደርጋታለች? እግዜር የባረከው እህል!» ብላ አጎረሰቻት። ወዲያው የልጅቷ ከንፈር አበጠ፣ ጉሮሮዋ ተዘጋ፣ በአምቡላንስ ተወሰደች። ተመስገን ነው፣ ተረፈች። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ከእናቷ እጅ በቀር ከማንም እጅ አልቀምስም አለች። አባቷ ሙዝ ልጦ ሲሰጣት እንኳ ጣቶቹን አሽትታ ትመልስለታለች።

አፀደ ደግሞ እሑድ እሑድ ደንዉዲ በሚባል ሰፈር በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ደብል ሺፍት፣ ሁለት ፈረቃ በተከታታይ፣ ትሠራለች። ምግቡን ሠርታ፣ ከድናው ትሄዳለች፤ ልጅቷ ግን እናቷ አጠገቧ ካልተቀመጠች አትነካውም። ሳምንቱን ሙሉ ኮንየርስ በሚባል ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲሸከም የሚውል ጎልማሳ፣ አንዲት ማንኪያ ከልጁ አፍ ማድረስ አቅቶት ኩሽና ቆሞ ያለቅሳል። ልጅቷም እየከሳች ሄዳ ክንዷ እንጨት አከለ።

ሚስ ዊልማን ያገኟት በዚህ ጊዜ ነው። ማሪዬታ መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ምግብ ቤት ታስተናግዳለች፣ ሰው ሲበዛም ምድጃው ላይ ቆማ ታበስላለች። ጠና ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት ጥቁር ሴት ናት። አንድ እሑድ ጥሩሰው ሶስናን ይዞ የሚበላ ፍለጋ ጎራ ቢል፣ «ልጅቷ ለምን አትበላም?» አለችው። በተሰባበረ እንግሊዝኛው ኦቾሎኒ፣ ሆስፒታል ብሎ፣ የቀረውን ጉሮሮውን ጨብጦ አሳያት። እሷ ግን አልሳቀችም።

«እዚህ ቤት ሁሉም ነገር የሚጠበሰው በኦቾሎኒ ዘይት ነው» አለች። «ዛሬ ምንም አትስጣት። በሚቀጥለው እሑድ ኑ።»

በሚቀጥለው እሑድ ምንም ያልተጠበሰባት ትንሽ አዲስ መጥበሻ ከቤቷ ይዛ መጣች። ቅቤውንም ከቤቷ። መጥበሻዋን ሶስና ፊት አጠበቻት፣ አሸተተቻት፣ አሸተተቻት ብቻ ሳይሆን ልጅቷም እንድታሸትት ሰጠቻት፤ ከዚያ «እንቁላሉን አንቺው ስበሪው» አለቻት። ሶስና ሰበረች። ሶስና በላች! ጥሩሰው ሽንት ቤት ገብቶ ውሃውን ከፍቶ ተንሰቀሰቀ። መጥበሻዋ ከባንኮኒው ሥር በፎጣ ተጠቅልላ ተቀመጠች። «የሶስና ናት፣ ሌላ ሰው አይነካትም» አለች ሚስ ዊልማ።

በጋው እንዲህ አለፈ፤ ልጅቷም ጉንጭ አወጣች። እንግዲህ እንዲህ ላደረገች ሴት ምን ይደረጋል? ቲፕ ጠረጴዛ ላይ ጥሎ መውጣት አሳፈረው። ስጦታ ቢሰጣት «ልጅቷ በላችልኝ፣ ይበቃኛል» ብላ መለሰችለት። ቢጨንቀው ጋሼ ዳኛቸውን አማከረ። ጋሼ ዳኛቸው አገር ቤት ጠበቃ የነበሩ፣ እዚህ ደግሞ ሆቴል በር ላይ የሚቆሙ፣ አንደበታቸው ግን ያልዛገ ሽማግሌ ናቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ይጠፋሃል?» አሉት። «ሠራተኛ የሚመሰገነው አለቃው ዘንድ ነው። ያውም እሷ በሌለችበት! ሰውን ፊት ለፊት ማመስገን ማቆለጳጰስ ነው። አቶ ኃይለመስቀልን ልጥራና እንሂድላት። ደሞዝ ያስጨምርላታል፣ ታያለህ።»

«እርስዎ ካሉ» አለ ጥሩሰው፣ ደስ ብሎት።

ሚስ ዊልማ እረፍት የምትወጣበትን ማክሰኞ መረጡ። ሦስት ሰዎች በጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ገቡና ማኔጀሩን እንፈልጋለን አሉ። ማኔጀሩ ወጣት ፈረንጅ ነው፤ ገና ሲያያቸው እጁን በሽርጡ ጠረገ። ጋሼ ዳኛቸው አልተቀመጡም። ቆመው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ችሎት ፊት እንዳሉ ጀመሩ፤ እንግሊዝኛቸው መቼም የመጽሐፍ ነው።

«በዚህ ቤት ዘይት አንዲት ጠብታ የዚህ ሰው ሕፃን ልጅ ልትሞት ትችል ነበር! እዚሁ፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ!»

ማኔጀሩ ቀላ። ጋሼ ዳኛቸው ግን የምስጋና ወግ ያውቃሉ፤ ውለታው እንዲገዝፍ መጀመሪያ አደጋው መግዘፍ አለበት። ከዚያ ወደ ሚስ ዊልማ መጡ። መጥበሻውን ከቤቷ እንደምታመጣ፣ ቅቤውን ከቤቷ፣ ማንም እንዳያይባት ከባንኮኒው ሥር እንደምትደብቀው፣ ልጅቷን ምድጃው ድረስ እንደምታስገባት አንድ በአንድ ዘረዘሩ።

«ከቤቷ?» አለ ማኔጀሩ።

«ከገዛ ቤቷ!» አሉ ጋሼ ዳኛቸው፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው። አቶ ኃይለመስቀልም «እውነት ነው!» ብለው አጸኑ።

ጥሩሰው የማኔጀሩን ፊት አየ። ይህ ፊት የተደሰተ ሰው ፊት አይደለም። ግን ምን ያድርግ? ሽማግሌ እየተናገረ ይቋረጣል? ራሱ ለምኖ ያመጣቸውን ሰው «ይበቃዎታል» ይላል? እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ማኔጀሩ በመጨረሻ የሦስቱንም እጅ ጨበጠ፣ «ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ» አለ። ጋሼ ዳኛቸው መኪና ውስጥ ሲገቡ «ተፈጸመ!» ብለው አጨበጨቡ።

እሑድ አመሻሹ ላይ ሶስና እየሮጠች ገብታ ወንበሯ ላይ ወጣች። ባንኮኒው ጋ የቆመችው ሌላ ሴት ናት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ከሥር አየች፤ መጥበሻዋ የለችም። ከንፈሯን ገጠመች። ማኔጀሩ መጣና በለሆሳስ፣ «ጌታዬ፣ ጣጣ አንፈልግም። ለደህንነቷ ስንል፣ ልጅቷን ቤት ቢመግቧት ይሻላል» አለ።

የሚስ ዊልማን ቤት ያውቀዋል፤ አንድ ዝናባማ ቀን አድርሷት ነበር። ሲያንኳኳ በቤት ልብስ ሆና ከፈተች። ተቆጥታ ብትጮኽበት ምን ነበረበት! እሷ ግን ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣ «ምን አደረግኋት?» አለች። «ማኔጀሩ ሦስት ጠበቆች መጥተው ከሰሱሽ ብሎ አባረረኝ። ሌሊቱን ሁሉ ሳስብ ነው የማድረው። የቱ ቀን ነው የተሳሳትኩት? አመማት?»

ጥሩሰው የሚያውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፋበት። «ኖ፣ ኖ» አለ። «ታንክ ዩ። ታንክ ዩ ሊሉ ነው የሄዱት።»

ሚስ ዊልማ ወደ እሱ ጠጋ አለች። «ሊያመሰግኑኝ?»

«በጣም ጎበዝ ናት አሉ። እንደ እናት ናት አሉ።»

የበሩን መቃን ይዛ ቁጭ አለች። «በዚያ ቤት ስሠራ ስኖር እንዲህ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አለች። «ሲባል ደግሞ እኔ አልነበርኩም።»

«እንደገና እንሄዳለን! ሽማግሌዎቹ ያስረዱታል፣ ይቅርታ ይጠይቁታል—»

ሁለት እጆቿን አነሳች። «እባክህ። በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፣ ከእንግዲህ ለማንም አታመስግነኝ።»

ሶስና በመሃላቸው ሾልካ ኩሽናውን አግኝታዋለች። ጠረጴዛው ጋ ወንበር ስባ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። «ርቦኛል፣ ሚስ ዊልማ» አለች፤ ከእናቷ ሌላ ለማንም የማትለውን።

ሚስ ዊልማ ምድጃዋ ላይ የተሰቀሉትን መጥበሻዎች አየች። አንዱን አወረደች፣ አሸተተች፣ መለሰችው። ሌላውንም እንዲሁ። «ያንቺዋን ማኔጀሩ ቆሻሻ ውስጥ ጣላት፣ ልጄ» አለች። «እነዚህ ሁሉ የኦቾሎኒ ዘይት ሲጠጡ የኖሩ ናቸው። ባጥባቸውም አላምናቸውም። ዕድሜ ልኬን ዓሣ ጠብሼባቸዋለሁ።»

ሱቅ ልሂድ አለ ጥሩሰው፣ አዲስ ላምጣ። ግን መሽቷል፤ በአካባቢው ያሉት ዕቃ መሸጫዎች እሑድ በጊዜ ነው የሚዘጉት። መጨረሻ ላይ ሶስና ከወንበሯ ወረደች። «ግድ የለም፣ ማሚን እጠብቃለሁ» አለች።

በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረች። ከምግብ ቤቱ ሲወጡ ሁልጊዜ አመስግኚ ብሎ ያስተማራት እሱ ራሱ ነው፣ በየሳምንቱ፣ ትከሻዋን ነካ እያደረገ። ዛሬ ትከሻዋን አልነካትም። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለ በሆዱ።

«ታንክ ዩ፣ ሚስ ዊልማ» አለች ልጅቷ፣ በባዶ ሆዷ።