በስልክ ቤት የተለቀሰው ለቅሶ

ባሌ ደሞዝ ጆሮው ከደከመ ቆይቷል፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገረው። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሰግድ ይሰግዳል፣ ድግስ ላይ ሰው ሲስቅ ይስቃል፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ። ቤት ውስጥ ደግሞ የኔን ፊት ያነባል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የኔ ፊት ሲፈጥረው አይፈታም። በሠርጌ ቀን እንኳ ሚዜዎቹ "ሙሽራይቱን አሟታል እንዴ?" ብለው ጠይቀዋል።

የአገር ሽማግሌ ነበርና አንድ ቀን የድንበር ጠብ ሲያይ ያልሰማውን ሰምቻለሁ ብሎ ለበዳዩ ፈረደ። ልጃችን ተሻገር በሰው ፊት "አባባ፣ አልሰሙትም እኮ" አለ። ደሞዝም "ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለህም" አለው። ተሻገር አሥመራ ገባ፤ "አባባ በአፋቸው ልጄ ካላሉኝ አገሬን አልረግጥም" ብሎ ላከ። በሁለት ግትሮች መካከል ሦስት ዓመት ተቃጠልሁ። አንድ ልጅ ነው የወለድሁት፤ እሱንም ቁርጥ አባቱን።

አንድ ቅዳሜ መካነ ኢየሱስ ገበያ ወጥተን ሳለ ስልከኛው ሙላት "ከአሥመራ ትፈለጋላችሁ" ብሎ ላከብን። በዚያ ዘመን በስልክ የሚፈለግ ወይ ምስለኔው ነው፣ ወይ ሰው የሞተበት። ደሞዝ መንገዱን ሙሉ ፊቴን እያየ ሄደ።

ስልክ ቤት ስንገባ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጋቢውን አደገደገ፤ ምስለኔው የሚናገርበት ዕቃ ነዋ። ሙላት ስልኩን ሲሰጠው ወደኔ ገፋው።

"ይሄ የሴት ሥራ ነው፣ አንቺ ያዢው።"

አልሰማም ከሚል ሞቱን ይመርጣል። ፊት ለፊቴ ቆሞ ፊቴ ላይ አፈጠጠ።

"እምዬ" አለኝ ተሻገር። "ደህና ነኝ። ሚስት ላገባ ነው። አባባ አሁንም ልጄ አይሉኝም?"

ድምፁን ስሰማ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እዚህ ፊት ላይ እንባ ሲጨመርበት ምን እንደሚመስል እግዜር ይወቀው። ደሞዝ አየኝ። ጋቢውን በወገቡ ታጠቀና ደረቱን ይመታ ጀመር።

"እውነቱን ብትነግረኝ ከቤቴ ያባረርሁህ፣
ደንቆሮው እኔ ነኝ፣ ልጄ ምን አረግሁህ።"

ሙላት "ኧረ አባቴ፣ ልጅዎ ደህና ነው" እያለ ሊይዘው ተነሣ።

"ተወው" አልሁት።

ገመዱ እስከሚደርስ ድረስ ስልኩን ወደ ደሞዝ ዘረጋሁት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ "ልጄ፣ ልጄ" ይላል። ገበያተኛው በሩ ላይ ተሰብስቦ፣ ነጠላውን ዘቅዝቆ ያላቅሰዋል። ማንንም አላስቆምሁም።

ድምፁ ሲሰልል ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስሁ። ተሻገርም እዚያ ማዶ እየተንሰቀሰቀ ነው።

"ማን ሞቶባቸው ነው?" አለኝ።

"አንተ" አልሁት። "ለተዝካርህ ድረስ።"

ተናፈጠና "እሺ፣ እመጣለሁ" አለ።

አሁን ለደሞዝ እንዴት ልንገረው? ብጮህ ገበያው ይሰማል እንጂ እሱ አይሰማ። ያለኝን ጥርስ ሁሉ አሳየሁት። በትዳራችን አይቶት አያውቅምና ደነገጠ፤ ለቅሶውን አቋረጠ። ስልኩን አየ፣ እኔን አየ።

"ልጄ በሕይወት አለ?" አለኝ። "ሰማኝ?"

ራሴን ነቀነቅሁ። ጋቢውን ከወገቡ ፈታ፤ ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጆሮውን በእጁ ያዘ።

"እኔ ግን አልሰማም" አለ። "ምን አለ? ንገሪኝ።"